በከረጢቱ የቀሩት ሽምብራዎች

ሙአዛማ ምን እንደምትሠራ በውል የሚያውቅ የሰፈሯ ሰው አልነበረም። "ሆስፒታል ደም የምታየዋ" ይሏታል፤ በዚያው ያበቃል። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከማቅለሚያው ብዛት ሐምራዊ ሆነው ቀርተው ነበር፤ በሳሙናም በአመድም አይለቅላትም። ሠርግ ቤት ሴቶቹ አንድ ሳሕን ሩዝ ከብበው በእጃቸው ሲበሉ፣ ከእሷ ፊት ያለውን ጥግ ማንም ደፍሮ አይነካውም። እሷም ቀና ብላ "ብሉ እንጂ፣ የናንተ ደም አይደለም" ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ጥጉ ግን እንዳለ ይቀራል።

እኔ በቫኽሽ ሸለቆ ባለችው ከተማችን በማዋለጃ ቤቱ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙአዛማ ከግቢው ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳለች። ስለ እሷ የምጽፈው ጥሩ ሰው ስለነበረች አይደለም። ጥሩ ሰው ነበረች፤ ነገር ግን ጥሩ ሰዎችን ሁሉ ጽፎ መጨረስ አይቻልም። የምጽፈው አንድ ነገር አብረን ስላደረግን፣ እሷ ስለሞተችና እኔ ስላልሞትኩ ነው።

አባቷን ከነቤተሰቡ ከደቡብ ተራሮች አንሥተው ጥጥ እንዲያለማ ወደዚህ ሸለቆ ሲያወርዱት እሷ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው በጋ ሁለት ወንድሞቿ በወባ ሞቱ። ምናልባት ከዚያ የተነሣ ይሆናል ደም ውስጥ የተደበቀ ነገር መፈለግ የጀመረችው፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። "ጥጥ ከመልቀም ወንበር ላይ መቀመጥ ስለሚሻል ነው" ትላለች። ባሏ የትራክተር መካኒክ ነበር፤ በአርባ ዓመቱ ጉበቱ ገደለው። ዳለር የሚባል አንድ ልጅ ቀረላት።

ሥራዋን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም።

ትልቅ ሰው ሲታመም ያተኩሳል፣ ያቃስታል፣ ይሳደባል። የሦስት ቀን ልጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። ጡት ይተዋል፣ እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ፊቱ አመድ ይለብሳል። እናቱ "ዛሬስ ፀጥ ብሎ ተኛልኝ" ብላ ስትደሰት ደሙ ተመርዞ ይውላል። አስቀድሞ የሚናገረው ደሙ ብቻ ነው። ከተረከዙ አንዲት ጠብታ ትወሰዳለች፣ ስላይድ ላይ በስሱ ትለቀለቃለች፣ ትቀለማለች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ተህዋስ የሚውጡት ነጭ ሴሎች ይታያሉ። የጎለመሰው ሴል አስኳሉ ሦስት አራት ቦታ ተከፋፍሎ በቀጭን ክር እንደተሰካ ዶቃ ነው። የለጋው አስኳል ገና አልተከፈለም፤ እንደ ታጠፈ ጣት ወፍራምና አንድ ወጥ ነው። በደህና ቀን ለጋዎቹ አጥንት መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ያድጋሉ። ተህዋስ ገብቶ የጎለመሱት ሲያልቁ ግን መቅኔው ያልደረሱትን አውጥቶ ይልካል። ከመቶው ሴል ለጋዎቹ ከሃያ ካለፉ ልጁ ተይዟል ማለት ነው። የጨቅላ ልጅ መቅኔ ደግሞ ጎተራው ትንሽ ነው፤ ጠላቱ ከበረታ ቶሎ ባዶውን ይቀራል።

"ለጋው ለጋ መሆኑን የሚያቆመው የት ላይ ነው?" ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። በወጣትነቴ ፍልስፍና ማንበብ እወድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይለቀኝም።

"ክሩ ሲቀጥን።"

"ምን ያህል ሲቀጥን?"

"አካ ናዝሩሎ፣ እርስዎ መቼ ነው ሽማግሌ የሆኑት? ቀኑን ይንገሩኝና እኔም እነግርዎታለሁ።"

በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጣት እንደ ታላቅ ወንድም "አካ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሶቪየት ፈረሰና እርስ በርስ መጨራረስ ጀመርን። በሁለተኛው ዓመት፣ ጥጥ በሚለቀምበት ሰሞን፣ ዳለርን ከአውቶቡስ አወረዱት። ኬላው ላይ ከየት እንደሆነ ጠየቁት። መለሰ። የገደሉት የላይኛው ሸለቆ ታጣቂዎች ናቸው ተባለ። ሙአዛማ ልጇን ቀብራ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። የዳለር ሚስት ኒጊና ያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለሙአዛማ ከልጇ በዚህ ዓለም የቀረላት በዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

በየኬላው ጢም ያላበቀሉ ልጆች ከቁመታቸው የረዘመ ጠመንጃ ሲጎትቱ ባየሁ ቁጥር የሙአዛማ ስላይድ ትዝ ይለኝ ነበር። ብነግራት "ሴሎቹ እንኳ ማንን እንደሚበሉ ያውቃሉ" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የዚያ ዓመት ብርድ መጥፎ ብርድ ነበር። መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ከመጣ ተመስገን ነው። ሙአዛማ በመስታወት ነጸብራቅ የሚሠራ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ከመጋዘን አውጥታ መስኮት ሥር አኖረችው። ፀሐይ ካለ ትቆጥራለች፣ ከሌለ ትጠብቃለች። መቁጠሪያ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር መቶ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አደረገች። ከፊቷ ሁለት የሻይ ስኒ ታስቀምጣለች። ለጋ ሴል ስታይ አንድ ሽምብራ ወደ ግራው ስኒ፣ የጎለመሰ ስታይ አንድ ወደ ቀኙ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ቆጠራው አለቀ፤ በግራው ስኒ ያለውን ጽፋ ትልክልኛለች። ነጭ ሴሎቹ በጠቅላላው ስንት እንደሆኑ የምንለካበት ልዩ መስታወት በዚያው ሰሞን ተሰብሯል፤ ሌላ ከየት ይምጣ?

አንቲባዮቲክ የሚመጣው በእርዳታ መኪና ነው፤ መኪናው ደግሞ የተራራው ማለፊያ ላይ ለሳምንታት ይታገታል። ለታመሙት ሁሉ አይበቃም። አይበቃም ማለት ደግሞ ሰው ይመርጣል ማለት ነው፤ ሰው ከመረጠ ዘመድ በሩን ያንኳኳል።

"ዶክተር፣ የእርስዎ እናትና የኔ አክስት እኮ ከአንድ ቦይ ነው ውኃ የቀዱት" ይለኛል አንዱ።

"የኔ እናት ከዚያ ቦይ የቀዳችው ከግማሹ ከተማ ጋር ነው።"

"እንግዲያው ግማሹ ከተማ ዘመድዎ ነው። እኛም ከዚያኛው ግማሽ ነን፤ ምን ቸገረ?"

ሙአዛማ ይህን ስትሰማ "ለእርስዎ ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው ያሳዩኝና በዓይኔ ልየው" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔማ ባሰብኝ። ትናንት የባሌ አጎት ልጅ መጥቶ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጊልን አለኝ። ከፍ አድርጊው! ሬዲዮ መስሎታል።"

አንድ ጊዜ እጄን ሰጠሁ። የማን ልጅ እንደነበር አልጽፍም፤ አባቱ አሁንም አለ። ያልታመመ ልጅ መድኃኒቱን ወሰደ፣ የታመመችው ልጅ ሞተች። ሙአዛማ የሁለቱንም ቁጥር ታውቅ ነበርና ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን አዋላጇን ቢቢሶሮን አስከትላ ቢሮዬ ገባችና ደንብ አመጣች።

ደንቡ ይህ ነበር። ከሕፃናቱ ደም የምትወስደው ቢቢሶሮ ብቻ ናት። ስላይዱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ፤ የስሙ ዝርዝር በቢቢሶሮ ኪስ ይቀመጣል። ሙአዛማ ወደ ክፍሉ አትመጣም፣ እኔ ወደ ላቦራቶሪው አልሄድም። መድኃኒቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ከግቢው ማዶ የሚመጣው ቁጥር ነው።

እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ። "ወረቀቱ ላይ ሌላ ቃል እንዳይጻፍ። ቃል ካለ ልመና ሾልኮ ይገባበታል።"

"የምለው ነገር ቢኖረኝስ?" አለች ሙአዛማ።

"ምን ይኖርሻል? ቁጥሩ ሁሉን ይናገራል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ሞኝ ነገር ይናገራል፤ ከሁሉም ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ቃል በቃል ተመልሶ የሚመጣበት።

በአገራችን ልማድ ዳቦ ይዘን ማልን። ሦስታችንም እጃችንን አንድ ዳቦ ላይ አኖርን። "እኔ በስልሳ ዓመቴ በዳቦ ስምል ይህ ሁለተኛዬ ነው" አለች ቢቢሶሮ፤ "በፊተኛው ባሌን ዳግመኛ ላልመታ ነበር የማልኩት።"

"ጠበቅሽው?" አልኳት።

"እሱ ቀድሞ ሞተና ጠበቅኩት።"

ሳቅን። ዳቦውንም ለሦስት ቆርሰን በላነው።

ደንቡ ለሁለት ወር ያህል ሠራ። ዘመድ ሲመጣ "ስም አላውቅም" እላለሁ፤ እውነቴንም ባይሆን ግማሽ እውነቴን ነው። ያን ያህል ሰላም ያገኘሁበት ጊዜ በሕይወቴ አልነበረም። አሁን ሳስበው፣ ያ ሰላም ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

ብርዱ በበረታበት ሰሞን ኒጊና በስምንት ወሯ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ማዋለጃ ቤታችን ዘመድ አያስገባም። ቤተሰብ ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ቆሞ ወደ መስኮት ይጮኻል፣ እናቶች ከመስታወቱ ኋላ ጥቅሉን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ሙአዛማም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከሰው መካከል ቆማ ስትጮኽ ሰማኋት።

"ማንን ይመስላል?"

"ጆሮው የዳለር ነው!" አለች ኒጊና ከላይ።

"ኮፍያውን አውልቂና አሳይኝ!"

"እማዬ፣ ይበርደዋል!"

"እሺ እሺ፣ አልብሺው፣ አምኜሻለሁ!"

በሦስተኛው ቀን ልጁ ጡት ተወ። ኒጊና መስኮት አልወጣችም። ሙአዛማ በዱቄትና በቅቤ የሠራችውን የአራስ ሾርባ ቢቢሶሮ ተቀበለቻት፣ ዓይኗን ግን አላየቻትም። ሙአዛማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። አልጠየቀችም፤ ምላለች።

በዚያ ቀን አምስት ስላይድ ሄደላት። መድኃኒት የቀረን ለአንድ ልጅ የሚበቃ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ። ሁለት ቁጥር ስላይድ፦ ሠላሳ አራት። አራት ቁጥር፦ አሥራ አንድ። የቀሩት ሦስቱ ከዚያም በታች። የሚያከራክር ነገር የለውም። መድኃኒቱን ለሁለት ቁጥር አዘዝኩ፤ ሁለት ቁጥር የኒጊና ልጅ ነበር።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያላደላሁበት፣ ያልተለመንኩበት፣ ግን ልቤ የፈለገው ነገር ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር በሕይወት ስንት ጊዜ ይገጥማል?

አራት ቁጥር ሳማንጉል የምትባል ሴት የወለደቻት ልጅ ነበረች። ሳማንጉል ከላይኛው ሸለቆ ውጊያ ሸሽታ ስትወርድ በዚያው ቀን ንጋት ላይ ጭነት መኪና ውስጥ ወለደች፤ በሰባት ወሯ። ልጅቷ ስትመጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ዓይኔ እሷ ላይ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ግን አሥራ አንድ አለኝ፤ ዓይኔን ደግሞ ለዘመድ አድልቼ ካፈርኩ ወዲህ አላምነውም ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሞተች።

የኒጊና ልጅ ግን በዚያው ሰዓት ጡት ያዘ። ቢያንስ ይህን ልንገራት ብዬ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ደንብ መጣሴ ትዝ ያለኝ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሐዘን በገባበት ቤት እንደሚደረገው የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ግድግዳው አዙራዋለች። ጭኗ ላይ ነጭ አቡጀዲ ዘርግታ በመቀስ ትቆርጣለች።

"ሙአዛማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ኒጊናን ማን ነገራት?" አለች ሳትዞር።

"ምኑን?"

"አካ ናዝሩሎ፣ እኔን አይሸሽጉኝ። ቢቢሶሮ አራተኛው አረፈ ብላ ለጽዳቷ ሴትዮ ስትነግራት በመስኮት ሰምቻለሁ። ለከፈኑ አንድ ሜትር ይበቃዋል አይደል? ትንሽ እኮ ነው።"

"የልጅ ልጅሽ አራት ቁጥር አይደለም። ሁለት ነው። መድኃኒቱን ያገኘው እሱ ነው። አሁን ጡት እየጠባ ትቼው መጣሁ።"

መቀሱ ቆመ። እኔ ደስታ ጠብቄ ነበር፤ ቢያንስ እንባ። ቀስ ብላ ዞረች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ምን ልበለው? ሰው ቤቱ ሲቃጠል ዝም ብሎ ቆሞ አይቶ፣ በኋላ የተቃጠለው የጎረቤቱ መሆኑን ቢነግሩት እንደዚያ ይሆን ይሆናል።

"አራት ማን ነው ታዲያ?"

"ከላይኛው ሸለቆ የመጣች ሴት ልጅ። ትናንት ንጋት ላይ የተወለደች። በሰባት ወሯ።"

"በሰባት ወሯ" አለች። "ሌላ ያለ ጊዜው የተወለደ ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም።"

"ደንቡ እኮ..."

"አዎ። ደንቡ።"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ከረጢት በዚያ ሐምራዊ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። ባዶ መሆን ነበረበት፤ ከባድ ነው። ከጎኑ ሁለቱ ስኒዎች እንደነበሩ አሉ። በግራው ሦስት ሽምብራ፣ በቀኙ ሃያ ሦስት።

"ከረጢቱ ውስጥ ሰባ አራት አለ" አለች። "የአራትን ስላይድ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ሄድኩበት። ያገኘሁት ነጭ ሴል ሃያ ስድስት ብቻ ነው። መቅኔዋ አልቆ ነበር። የሚላክ ለጋ እንኳ አልቀረም። ከአምስቱም የባሰባት እሷ ነበረች።"

"አንቺ ግን አሥራ አንድ ብለሽ ጻፍሽ።"

"ከሃያ ስድስት ሦስት፣ ከመቶ ወደ አሥራ አንድ ይመጣል። ሂሳቡ ልክ ነው። ቁጥር ብቻ ብለውኝ ነበር።"

"ለምን አልመጣሽም? ሃያ እርምጃ እኮ ነው ሙአዛማ!"

"ተነሥቼ ነበር። በሩን ይዤ ነበር።" ድምፅዋ አልተለወጠም። "ስላይዱ ላይ አስኳላቸውን ያልጣሉ ቀይ ሴሎች አየሁ፤ ብዙ። እነሱ ያለ ጊዜው ከተወለደ ልጅ ደም ነው የሚገኙት። ያለ ጊዜው የተወለደ ደግሞ ከኛ ልጅ ሌላ አላውቅም። ይሄ የዳለር ልጅ ነው አልኩ። የሌላ ሰው ልጅ መስሎኝ ቢሆን ዳቦውንም መሐላውንም ረግጬ እሮጥ ነበር። የኔ መሰለኝ። ለኔ ብዬ ስሮጥ ታየኝ። እንደዚያ እንደ ባሌ አጎት ልጅ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።"

በሦስተኛው ቀን እነዚያ ቀይ ሴሎች ከስምንት ወር ልጅ ደም ሊጠፉ እንደሚችሉ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከሌላ ቀን ሁሉ ያን ቀን ረሳችው። ፍርሃት ካየ በኋላ አያጣራም።

"ልጄን ከአውቶቡስ አውርደው ከየት ነህ ብለው ነው የገደሉት" አለች። "እኔም ስላይዱን ከየት ነህ አልኩት።"

ከዚያ መቀሱን አነሣችና ጨርቁን ቆርጣ ጨረሰች። አጣጥፋ ሰጠችኝ። የሳማንጉል ልጅ በእሱ ተገንዛ ተቀበረች።

ነገሩን ከእኛ ሌላ ያወቀች ቢቢሶሮ ብቻ ናት። "ለማንም እንዳትናገሩ" አለችን። "የልጇን ገዳዮች ወገን ልጅ አውቃ ገደለች ይላሉ። የራሷን የልጅ ልጅ አተረፈች ይላሉ። እውነቱን ብትናገሩ የሚያምናችሁ የለም፤ እኔ ራሴ እዚህ ቆሜ ለማመን ቸግሮኛል።" ልክ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር መጻፍ ጀመርን፤ ለጋው ስንት፣ ከስንት ተቆጥሮ። ከዚያች ልጅ ሞት የተገኘው ትርፍ ይህ ነው።

ልጁን ኢስፋንድያር አሉት። ሙአዛማ አሳደገችው፤ አጠበችው፣ አበላችው፣ ትምህርት ቤት አደረሰችው። ነገር ግን ስታቅፈው አይቻለሁ፤ በሩ ላይ ሰው ቆሞ የሚያያት ይመስል ቶሎ ታወርደዋለች።

እርቅ ከወረደ በኋላ፣ ልጅቷ ከሞተች በአራተኛው ዓመት በጋ፣ "ሴትዮዋን አገኘኋት፣ መንደሯን አወቅኩት። ይምጡና ያድርሱኝ" አለችኝ። በጭነት መኪና አንድ ቀን ሙሉ ወጣን። የምትለውን ቃል መንገዱን ሁሉ ታጠናዋለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሳማንጉል ድንጋይ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ይዛ ትኖራለች። ከየት እንደመጣን ስንነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ምንጣፍ አነጠፈች። ዳቦ፣ ቱት የሚሉት የደረቀ የዛፍ ፍሬና ሻይ አቀረበች። መዳፋችንን ዘርግተን ለልጅቷ ፋቲሓ ጸለይን፣ ፊታችንን ዳበስን።

"አራት ዓመት ሙሉ ማንም መጥቶ ስለ እሷ ያነሣልኝ የለም" አለች። "የራሴ ባል እንኳ የአንድ ቀን ልጅ ምን ይለቀሳል አለኝ። እናንተ ከዚያ ድረስ መጣችሁ። እኔ እኮ ስም አውጥቼላት ነበር። ሩኽሾና ብያታለሁ።"

"ሩኽሾና" አለች ሙአዛማ።

"መድኃኒቱ ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ እኔ።

"ያ የወሰደው ልጅ ኖረ?"

ሙአዛማ አፏን ከፈተች። "ኖረ" አለች።

"እሰይ" አለች ሳማንጉል። "እሰይ። ሁለቱም ከሚሞቱ።" ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ በዚያ ሐምራዊ እጅ ላይ አኖረችው። "ብይ አፓዬ፣ መንገድ አድክሞሻል።"

ሙአዛማ በላች። እኔም በላሁ። የማልንበትም ዳቦ ነበር፤ ይህንንም አብረን ጨረስነው።

ስንመለስ መኪናው ከተራራው ወረደ። ከዚያ "ለምን አልተናገሩም?" አለችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔማ እንደ እህት አፓዬ አለችኝ። ካለችኝ በኋላ እንዴት ልናገር? እርስዎን ግን ምንም አላለችዎትም።"

እኔ ብናገር የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ከስንት ቆጠርሽ ብዬ አልጠየቅኩም።" ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ክፍል፣ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ፣ ይቺን ጥያቄ አላስጠየቀኝም። ፍትሕ ማለት ስም አለማየት መስሎኝ ነበር። ስሙን ስሸፍን ልጅቷንም ሸፈንኳት።

ሙአዛማ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ሳንባዋን ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው የመጨረሻው ቀን ሲቀርብ ጎረቤቱን እየጠራ "ይቅር በሉኝ" ይላል፣ እነሱም "ይቅር ብለናል፣ አንቺም ይቅር በይን" ይላሉ። ቤቱ ሞላ። እነዚያ ሠርግ ላይ ጥጓን የማይነኩት ሴቶች ሁሉ እጇን ሳሙት። እሷ በእያንዳንዱ ፊት ላይ ትንሽ ቆየት እያለች አየች፤ ድሮ ስላይድ ላይ እንደምትሄደው ከዳር እስከ ዳር።

"ከላይኛው ሸለቆ የመጣ አለ?" አለችኝ ሰው ሲቀል።

"የለም።"

"እንግዲያው አልሞላም። አካ ናዝሩሎ፣ እርስዎ ይሂዱና ይንገሯት። ከእኔ በኋላ ማንም አይጎዳም። ሁሉን እንዳለ ይንገሯት፤ እኔን አያሳምሩኝ።"

"እሄዳለሁ" አልኳት።

በዳቦ አላስማለችኝም። አምናኝ ይሁን ወይም ተስፋ ቆርጣ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ሞተች።

ኢስፋንድያር አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሩሲያ ሄዶ ሕንፃ ሲሠራ ኖሮ ሚኒባስ ገዝቶ ተመለሰ፤ ከከተማችን ወደ ላይኛው ሸለቆ ሰው ያመላልሳል። የሳማንጉልን መንደር በሳምንት ሁለት ጊዜ ያልፋል። ምናልባት ተሳፍራለት ታውቅ ይሆናል፤ ምናልባት ሻንጣዋን አንሥቶላት ይሆናል። ጆሮው እውነትም የአባቱ ነው።

ደግ ልጅ ነው። የአያቱ ጓደኛ ስለነበርኩ በደጄ ሲያልፍ ጥሩምባውን ይነፋልኛል፣ ይወርዳል፣ "ቦቦ" እያለ እንደ ወንድ አያቱ ጠርቶኝ እጄን ይስማል። አያቱ የሆነ ጊዜ ወደ ላይ መሄድ እንደምፈልግ ነግራዋለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

ዛሬ ጠዋትም መጣ።

"ቦቦ፣ እሁድ ወደ ላይ እወጣለሁ። የፊተኛውን ወንበር ይዤልዎታለሁ፤ መንገዱም ተሠርቷል፣ አያንገላታም።"

"ወገቤን አሞኛል፣ ልጄ" አልኩት።

"ባለፈውም ወገብዎን ነበር።"

"ያው ወገብ ነው።"

ሳቀና መኪናውን አስነሣ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁት።